ውልና መዝገብ በአምደወርቅ አካባቢ

በአምደወርቅ ገበያ አንድ ሰው ፍየሉን ለሌላው በርቢ ሲሰጥ ወረቀት አይወጣም፤ እስክሪብቶም አይፈለግም። ባለ ፍየሉና ተቀባዩ ከገበያው ዳር ወዳለው ጥላ ፈቀቅ ይሉና ከሚያልፉት ሰዎች መካከል ሁለት ሦስቱን፣ ይልቁንም ዕድሜአቸው የገፋውን፣ «እስቲ አንድ ጊዜ ስሙን» ብለው ያቆማሉ። ፍየሏ በቀለሟና በጆሮዋ ምልክት ትነገራለች። የምትወልደው እኩል እንዲካፈል፣ እናቲቱ ግን የባለቤቷ ሆና እንድትቀር፣ ብትሞትም ተቀባዩ ቆዳዋን አምጥቶ እንዲያሳይ ይነጋገራሉ። የቆሙትም ሽማግሌዎች «ሰምተናል» ይላሉ። ውሉ በዚሁ አለቀ፤ ሁሉም ወደ ገበያው ይመለሳል።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን «ሰምተናል» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉ እንዴት ሆኖ መዝገብ እንደሚሆን፣ በምን ምክንያት መዝገብነቱ እንደሚፈርስ፣ ወረቀት ሲተካውም ምን እንደሚገኝና ምን እንደሚጠፋ ለማሳየት እንሞክራለን። አምደወርቅ ከሰቆጣ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ የደሃና ወረዳ ከተማ ናት። እርስዋን የመረጥነው ልጅነታችንን ያሳለፍነው በዚያ ስለ ሆነና በየክረምቱ ዕረፍት ስንመለስ የምንሰማው ክርክር ሁሉ፣ የመሬትም ይሁን የብድር፣ ዞሮ ዞሮ ወደዚሁ ጥያቄ ስለሚያመራ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። «ውል» በአማርኛ የስምምነት ስም ብቻ አይደለም። ጥጥ የምትፈትል ሴት የፈትሏን ጫፍ ውል ትለዋለች፤ ውሉ የጠፋ ልቃቂት ቢያገላብጡት አይፈታም፤ ነገር የተምታታበት ሰውም «ውሉ ጠፋብኝ» ይላል። «መዝገብ» ደግሞ ከግእዙ «ዘገበ» የመጣ ነው፤ አከማቸ፣ ሰብስቦ አኖረ ማለት ነው፤ መዝገብም በጥንቱ አነጋገር ሀብት የሚከማችበት ስፍራ ነው። ሦስተኛው ቃል «ሰማዕት» ነው። ዛሬ ስለ ሃይማኖታቸው ለሞቱት ብንለውም በቀድሞ ሰነዶች ግርጌ ሲገኝ የምስክሮች ስም ዝርዝር መጀመሪያ ነው፤ ምስክር ማለት የሰማ ሰው ነውና። እንግዲህ ውል የክሩ ጫፍ ከሆነ መዝገብ ያ ጫፍ እንዳይጠፋ የሚቀመጥበት ቤት ነው ለማለት ይቻላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ግን፣ በእኛ በተማሪዎቹ ዘንድ ሳይቀር፣ የተጻፈ ውልን መዝገብ ይለዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለናል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ የለም። እኛም በአማርኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ቀለም አፍስሰንበታል። ነገር ግን የምሳሌው ሁለተኛ እግር አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፤ የተጻፈውን የሚወርሰው ማን ነው? ከሁለቱ ተዋዋዮች በአንደኛው ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት የሚወረሰው በዚያ ሰው ልጆች ብቻ ነው።

ወደ ገበያው ሽማግሌዎች እንመለስ። የቃል ውል መዝገብ የለውም ማለት ትክክል አይደለም፤ መዝገቡ ሰዎቹ ናቸው። ምስክሮቹ የሚመረጡት ያለ ዘዴ አይደለም። ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያልሆነ፣ ገበያ የማይቀር፣ ነገር የማያጣምም ሰው ይፈለጋል። ብድር ከሆነ ከምስክር በላይ ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ በገንዘቡም በስሙም ይያዛል። ትልቅ ጉዳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ መሬት በእኩል ለማረስ ወይም ጥንድ በሬ ለዓመት ለመውሰድ ሲዋዋሉ፣ ጠላ ይቀርባል። ጠላው ለመዝናኛ ብቻ አይደለም፤ የጠጣ ሰው ቀኑን አይረሳም፤ «የእገሌን ጠላ የጠጣን ዕለት» ብሎ ያስታውሰዋል። አንድ አዛውንት በሃያ ዓመት ውስጥ የቆሙባቸውን ውሎች በየዓመት በዓሉ እየለዩ ሲቆጥሩልን ሰምተናል፤ የማኅደር ቁጥር ቢሰጣቸው ኖሮ ከአንድ መዝገብ ቤት ባልተለዩ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ትልቅ ጥቅም አለው። ማንበብ የማይችለውም ሰው የውሉን ሙሉ ቃል በጆሮው ሰምቷል፤ ያልገባውን «ምን አልክ?» ብሎ ጠይቋል። ከሁለቱ አንዱ መዝገቡን ሰርዞ ሌላ ሊጽፍበት አይችልም፤ ሦስት አፍ በአንድ ጊዜ መግዛት ቀላል አይደለምና። በሰቆጣና በዝቋላ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በዚያ ብዙው ሰው የሚዋዋለው በኽምጣንጋ ነው፤ ወረቀቱ ሲጻፍ ግን ብዙውን ጊዜ በአማርኛ ይጻፋል። ምስክሩ የሰማውና ወረቀቱ የያዘው በአንድ ቋንቋ አይደሉም። በክርክር ጊዜ ወረቀቱ ያሸንፋል፤ የተስማሙት ግን በሌላው ነበር።

ጉድለቱስ? ጉድለቱ ሰው መሞቱና መሰደዱ ነው። በዚህ ረገድ የዋግ ታሪክ ከሌላው አገር የከፋ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ባጠቃው ረኀብ፣ ዳግመኛም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው፣ ዋግ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ነበር። የሞተው ሞተ፤ ብዙ ሰው ደግሞ በሰፈራ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወሰደ። ስለ እህሉና ስለ ከብቱ መጥፋት ብዙ ተጽፏል። ስለ ምስክሮች መበተን ግን ያነበብነው ነገር የለም። አንድ ሰው በርቢ የሰጠውን ከብት፣ ያበደረውን እህል፣ የተካፈለውን ድንበር የሚያውቁለት ሦስት ሰዎች አንዱ ቢሞት፣ አንዱ መተከል ቢሰፍር፣ አንዱ ደግሞ የደረሰበት ባይታወቅ መዝገብ ቤቱ ተቃጠለ ማለት ነው። ከስደት የተመለሱት ሰዎች ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልጉት ጎረቤት እንደ ነበረ ትልልቆቹ ይነግሩናል፤ ጎረቤት የሚፈለገው ለናፍቆት ብቻ አልነበረም።

እንግዲህ ጽሑፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው። በአገራችን ግን ጽሑፍ ለውል መዋሉ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ከዋግ አጠገብ የላስታው ንጉሥ ላሊበላ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለገዳማት የሰጠው መሬት የተጻፈው በወንጌል መጽሐፍ ላይ ነው። በሽመዛና ያለው የደብረ ሊባኖስ ገዳም «ወንጌል ዘወርቅ» የዚህን ንጉሥና የሌሎችንም የመሬት ስጦታዎች ይዟል፤ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ በ1901 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። በሐይቅ እስጢፋኖስም በ1280 እ.ኤ.አ. ገደማ በተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ውስጥ አባታችን ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት ተቆጥረው ሰፍረዋል። ይህ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የንብረት ቆጠራ የምንለው ሥራ ነው።

ወንጌሉ ለምን ተመረጠ? ብራና ስለሚበረክት ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ብራናማ በየደብተራው ቤት አለ። ወንጌሉ በማንም ቤት የማያድር መጽሐፍ ነው። የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ነው፤ የሚወጣው በሰው ፊት ነው፤ የሚያነበው ሻጭም ገዢም ያልሆነ ሰው ነው። በሰነዱ መጨረሻም ቃሉን የሚያፈርሰውን የሚያወግዝ ግዝት ይጻፋል። ግዝቱ ምን ያህል ያስፈራ እንደ ነበር ለነገረ መለኮት ተማሪዎች እንተወዋለን፤ ለእኛ የሚያስፈልገን ግዝቱ ጮክ ተብሎ ይነበብ የነበረ መሆኑ ነው።

ሆኖም በዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ አለን፤ ሳንሸሽግ እንናገረዋለን። ንጉሥ ለገዳም መሬት ሰጥቶ ስጦታው በዚያው በገዳሙ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ ጠባቂውና ተጠቃሚው አንድ ሆነዋል። በአሮጌ መጻሕፍት ላይ የቀድሞ ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የተተካበት ቦታ ስንት እንደ ሆነ መጽሐፍ የገለጠ ሁሉ ያውቃል። የጎንደር ዘመን ሰነዶች ግን ከዚህ ይለያሉ። በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደርና በአካባቢው ተራ ሰዎች፣ ሴቶችም ጭምር፣ እርስ በርሳቸው መሬት ሲሸጡና ሲናዘዙ ሽያጩን በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ዋሱና ሰማዕቱም በስማቸው ይሰፍራሉ። ዶናልድ ክራሚ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ በሚናገር መጽሐፋቸው በእነዚህ ሰነዶች ብዙ ተጠቅመዋል። እንደነዚህ ያሉ ሰነዶች ያሉባቸው አንዳንድ መጻሕፍት በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ተወስደው ዛሬ ለንደን ናቸው። በእነዚህ የግል ሽያጮች ቤተ ክርስቲያኑ ገዢም ሻጭም አይደለም፤ ሦስተኛ እጅ ነው። መዝገብ የሚለው ስም በሙሉ ትርጉሙ የሚገባው ለዚህ ይመስለናል፤ ቃሉ በጽሑፍ ይቆያል፤ ጽሑፉ ግን በተዋዋዮቹ እጅ አያድርም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ቢሆኑም፣ የገበያውን ሽማግሌዎች አልናቀም። በቁጥር 1719 እንደምናነበው ሕግ ወይም ተዋዋዮቹ ልዩ ፎርም ካላዘዙ በቀር ውል ለመጽናት ጽሑፍ አያስፈልገውም። ስለዚህ የፍየሏ ውል በሕግም ፊት ውል ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ግን በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ቁጥር 1723 ያዛል፤ ዋስትናም፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረግ ውልም በጽሑፍ ይሆናሉ። ጽሑፍ ሲታዘዝ ደግሞ የተዋዋዮቹ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ማረጋገጫ ሊኖርበት ይገባል። የቀድሞዎቹ ሰማዕት ከወረቀቱ ግርጌ አልጠፉም ማለት ነው።

በሕጉ ውስጥ ሁለት ቦታዎች ለአምደወርቅ ሰው ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳሉ። አንደኛው ቁጥር 1728 ነው፤ ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በወረቀት ላይ ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት ምልክት፣ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ወይም መዝጋቢ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው በቀር፣ ሰውየውን አያስገድደውም። ሁለተኛው ቁጥር 2472 ነው፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በሌላ ማስረጃ አይረጋገጥም። የብድሩ መመለስም እንደዚሁ ነው። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር የአንድ ገበሬ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ጥቂት በሬዎች ይገዛ ነበር። ዛሬ ለፋሲካ አንድ ደህና ዶሮ አይገዛም። ቁጥሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልተነካም። ከዚህ የተነሣ ሕጉ ለትልልቅ ብድር ብቻ ያሰበው የጽሑፍ ግዴታ ዛሬ በመንደር የሚደረገውን ብድር ከሞላ ጎደል ሁሉ ይዞታል፤ በመንደር ያሉት ሽማግሌዎች ግን አሁንም «ሰምተናል» እያሉ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ስለዚህ በሠፈራችን የደረሰውን አንድ ነገር እንንገር። ስም አንጠራም። አንዲት እናት ለልጃቸው ሕክምና ከአንድ ነጋዴ አራት ሺሕ ብር ተበደሩ። ወረቀቱን የጻፈው የነጋዴው ልጅ ነው፤ እርሳቸው ጣታቸውን አተሙ። በዓመቱ ግማሹን በገንዘብ፣ ግማሹን በሁለት ፍየሎች መለሱ፤ ሁለት ጎረቤቶችም ቆመው አዩ። ወረቀቱ እንዲቀደድ ሲጠይቁ አበዳሪው «ሰቆጣ ነው ያለው፤ ሳመጣው እቀደዋለሁ» አሏቸው። ሳያመጡት ሞቱ። ክፋት አስበው ነበር ለማለት አንችልም። ልጆቻቸው የአባታቸውን ሣጥን ሲከፍቱ ወረቀቱን አገኙ፤ ለእነርሱ ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ጎረቤቶቹ ያዩትን እነርሱ አላዩም።

እኒያ እናት ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄዱ። ጸሐፊውም ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ «እማማ፣ ያለ ዳኛ ያተሙት ጣት አያስይዝዎትም፤ አልተበደርኩም ብለው ይካዱ፤ ነገሩ በዚሁ ያልቃል» አላቸው። «በልቼ አልበላሁም እንዴት እላለሁ?» አሉ። «እንግዲያው ተበድሬ ነበር፣ ከፍያለሁ ካሉ ብድሩን በራስዎ አፍ አመኑ፤ መክፈልዎን ግን በምስክር ማስረዳት አይችሉም» አላቸው። እርሳቸውም የመለሱት እስከ ዛሬ ከአእምሮአችን አልወጣም፤ «ሁለቱንም የተናገርኩት በአንድ አፌ ነው፤ አንዱን ተቀብላችሁ አንዱን ለምን ትጥላላችሁ?»

ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ አለቀ፤ አንድ ፍየል ጨምረው ሰጡና ወረቀቱ በፊታቸው ተቀደደ። በትክክል ለማስላት ያህል ዕዳቸውን ከፍለው በላዩ የመዝገብ ዋጋ ከፈሉ ማለት ይሆናል። እዚህ ላይ ጽሑፍ ነበረ፤ ምስክርም ነበረ። የጠፋው ሦስተኛው እጅ ነው። ወረቀቱ በፍርድ ቤት መዝጋቢ ወይም በሌላ በሁለቱ የታመነ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ክፍያው በዚያው ወረቀት ጀርባ ይጻፍ ነበር። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ በ1995 ዓ.ም. (ቁጥር 334)፣ ኋላም በ2008 ዓ.ም. (ቁጥር 922) የወጣው ይህን ሥራ በሥርዓት ለማስያዝ ነው። ነገር ግን ለአራት ሺሕ ብር ብድር ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ወደ ከተማ የሚሄድ ሰው የመንገዱንና የውሎውን ወጪ ያስባል፤ አስቦም ይተወዋል። ዛሬ ወጣቶቹ የውሉን ወረቀት በስልካቸው ፎቶግራፍ ያነሡታል። ይህ ሙሉ መድኃኒት ባይሆንም ሁለቱም ወገኖች አንድ ዓይነት ቅጂ እንዲኖራቸው ስለሚያደርግ በበኩላችን መልካም ልማድ ሆኖ አግኝተነዋል።

ለሁለት እጅ መዝገብ ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ በአካባቢያችን የመሬት ደብተር ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የገበሬው ይዞታ እየተመዘገበ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ደብተሩ በቤቱ ይቀመጣል፤ መዝገቡ ደግሞ በመሬት ጽሕፈት ቤት ይኖራል። ባልና ሚስት ከሆኑ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ ይገባበታል። ስለ ፎቶግራፉ ብዙ ሰው ይቀልዳል፤ «ለመሬት ፎቶ ምን ያደርግለታል?» ይባላል። ነገር ግን ባልዋ የሞተባት ወይም የፈታት ሴት ከባልዋ ወንድሞች ጋር ስትከራከር ያየ ሰው አይቀልድም። ድሮ የሰማንያ ጋብቻ ሲፈርስ «ሰማንያቸውን ቀደዱ» ይባል ነበር፤ የጋብቻው ወረቀት ሲቀደድ የሴቲቱ መብት ሁሉ አብሮ የሚቀደድበት ጊዜ ነበር። ደብተሩን ግን ማንም ቢቀድደው በጽሕፈት ቤቱ ያለው መዝገብ አይቀደድም።

አይቀደድም አልን እንጂ ይህም ወሰን አለው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ሰቆጣና ሌሎች የዋግ ኽምራ ቦታዎች ከአንድ ኃይል እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፉ፣ በጦርነቱ ቀጣና ብዙ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ፋይሎችም ወድመዋል። ሕግ አውጪው ይህን የመሰለውን ቀን አስቀድሞ ያሰበው ይመስል በቁጥር 2003 በጽሑፍ መሆን የሚገባው ውል በምስክር እንዳይረጋገጥ ከከለከለ በኋላ አንድ በር ይከፍታል፤ ጽሑፉ መጥፋቱ ወይም መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ ምስክር ይሰማል። በ1977 ምስክሮች ሲበተኑ ጽሑፍ አስፈለገ፤ በ2014 ጽሑፉ ሲጠፋ ደግሞ ምስክር ተፈለገ። በቤቱ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ከጣሪያው ሥር የሸጎጠ ገበሬ ግን የጽሕፈት ቤቱን መዝገብ መልሶ ለማቋቋም ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያዥ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለት ቦታ ማስቀመጥ ማለት ይኸው ነው።

ስለ ድርጅቶች ያለን ቃል ከዚህ ያጠረ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩ በመሠረቱ አንድ ነው። ድርጅት የሚባለው፣ ሚኒስቴርም ይሁን ማኅበር፣ ሰዎች ሲለዋወጡ የማይለወጥ ነገር እንዲኖረው የሚያደርገው መዝገቡ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴርን አብረው ያቋቋሙት፣ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መጻሕፍት ሲከፈትም ስሙ ላይ «ወመዘክር» የተጨመረው በከንቱ አይደለም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን ለአንድ ዓመት የመጋዘኑን ደብተር እንድንጽፍ ተመድበን ነበር። መጋዘን ያዡ «ያልተጻፈ አልገባም፤ ያልተጻፈ አልወጣም» ይሉን ነበር፤ እኛም ስለ ሦስት ጠርሙስ ዘይት ይህን ያህል መጨነቅ ምን ያስፈልጋል እያልን በልባችን እንስቅ ነበር። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 የሚጻፈው ለዚሁ ነው። የሞዴሉ ቅጂ በየእጁ የሚሠራጨውም ተቀባዩ፣ መጋዘኑና ሒሳብ ክፍሉ አንዱ ሌላውን እንዲይዘው ነው። ሦስቱም ቅጂ በአንድ መሳቢያ ሲገኝ ሞዴሉ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለ መሳቢያም አይተናል፤ የት እንደ ሆነ መናገሩ አያስፈልግም።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተን ግን መሥሪያ ቤት ሳይሆን ዕድር ነው፤ በወሎ ቅሬ የሚባለው። በአምደወርቅ ባየነው ዕድር ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉ። ጸሐፊው ደብተር ይይዛል፤ ገንዘብ አይነካም። ገንዘብ ያዡ ገንዘብ ይይዛል፤ ደብተሩ ላይ አይጽፍም። መዋጮ የከፈለ ካርኒ ይቆረጥለታል። የሣጥኑ ቁልፍ ከገንዘቡ ጋር በአንድ ቤት አያድርም። ድስቱ፣ ድንኳኑና አግዳሚ ወንበሩ በሌላ ደብተር ተቆጥረዋል፤ የተሰበረም ቢሆን «የተሰበረ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አይሠረዝም። ይህን ሥርዓት ያስተማራቸው የሒሳብ ትምህርት የለም፤ የለቅሶ ቀን ድስት ጠፍቶ የተጣሉበት ቀን አስተማራቸው እንጂ።

ከአባላቱ ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በየወሩ ስብሰባ ሲጀመር ጸሐፊው ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ ጮክ ብሎ ያነባል። ቃለ ጉባኤ ማለት የጉባኤው ቃል ማለት ነውና ጉባኤው ቃሉን መልሶ ይሰማል። ባለፈው ክረምት እኛ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠን ሳለን ጸሐፊው «አባ እገሌ ያለ ፈቃድ ከለቅሶ ስለ ቀሩ 50 ብር እንዲቀጡ ተወሰነ» የሚለው ላይ ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና፣ «ይቀጡ አላልንም፤ ታመው እንደ ሆነ ይጠየቁ ነው ያልነው» አሉ። ጥቂት ጭቅጭቅ ሆነ። ሰብሳቢው የተቀመጡትን ሁሉ ጠየቁ፤ የሚበዙት ሽማግሌው እንዳሉት ነው አሉ። ጸሐፊውም የቀድሞው ጽሑፍ እንዲታይ አድርጎ በላዩ አንድ መሥመር አሰመረበት፤ የታረመውን በኅዳጉ ጻፈ፤ ቀኑንም አኖረ፤ ከዚያም ደብተሩን ወደ ሽማግሌው ይዞ ሄደና ጣታቸውን አሳተማቸው። ሽማግሌው ቀለሙን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ «አሁን አንብበው» አሉት፤ እርሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ ገና አነበበው።